ኮንትሮል ደምሴና የኢፍቱ ሹራብ

የጋሽ ደምሴን መሞት የነገረችኝ ከሚኤሶ የግመል ወተት እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጭሮ ገበያ ውስጥ የሰልባጅ ቦንዳዬን ፈትቼ ልብሱን ሸራ ላይ ስዘረግፍ፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች።

«አዴ ሙሚና፣ ያ የናንተ ኮንትሮል ሞተ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሐሙስ ቀበሩት። የድሮ የባቡር ሰዎች ሁሉ ኮት ደርበው መጥተው በዚያ ሙቀት ላብ በላብ ሆኑ።»

እጄ ላይ የወንድ ሱሪ ነበር። አጥፌ አስቀመጥኩት፤ መልሼ አንስቼ አጠፍኩት። ጎረቤቴ እንደምትለው አንድ ሰውዬ የሱሪውን ዋጋ ሲጠይቀኝ «የሚሸጥ አይደለም» ብዬዋለሁ። እኔ አላስታውስም።

በማግስቱ ሚኤሶ ወርጄ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስለሱ ብዙ ተወራ፤ ግን ሁሉም የሚያወሩት ስለ ባቡሩ ደምሴ ነው። የትምህርት ቤቱን ደምሴ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እሱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልጽፈው ተነሳሁ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት ጀምሮ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። አማርኛዬም የጭሮ ነው፤ እኛ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንላለን። «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ንቄው አይደለም። እሱ ግን ሲቆጣኝ እንኳ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰሞኑን ሬዲዮ ስከፍት ተማሪ ትምህርት ቤት ምን ለብሶ ይምጣ የሚለውን ሕግ ይወስነው ወይስ ወላጅ ይወስነው እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ተከራካሪዎቹ የተማሩ ናቸው፣ አነጋገራቸው ያምራል። ነገር ግን አንዳቸውም ጠዋት የትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው አያውቁም። ጋሽ ደምሴ ቆሟል። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ጭሮ የመጣው የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላ ነው። ከድሬዳዋ በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ በሚያልፈው ባቡር ላይ የትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ሥራው ቆመ፤ ሚስቱም ሞታ ነበር። ወደ ደጋው ወጥቶ የልጅ ልጄ ኢፍቱ በምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆነ። ከተማችንን እስከ መጨረሻው ድረስ በድሮ ስሟ «አሰበ» እያለ ነው የጠራት። «ጭሮ በል» ሲሉት «ትኬቱ ላይ አሰበ ነው የሚለው» ይላል። ባቡሩ በአሰበ አልፎ አያውቅም፤ ምን ትኬት እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

አቋቋሙ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ግራ እግሩን ቀደም አድርጎ፣ ጉልበቶቹን ላላ አድርጎ ይቆማል፣ ከእግሩ በታች ያለው መሬት የሚንቀሳቀስ ይመስል። ግድግዳ ተደግፎ ያየው ሰው የለም። ካኪ ኮቱ በፀሐይም በዝናብም እስከ አንገቱ ተቆልፏል። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ክፍሎቹን «ፉርጎ» ይላቸዋል፤ ሦስተኛ ክፍል ሦስተኛ ፉርጎ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ስምንተኛ ፉርጎ። ተማሪ በሩ ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ «ትኬት» ይላል። ትኬት ማለት የደንብ ልብስ ነው። ከጫማ ጀምሮ ወደ ላይ ያያል፤ ጫማ፣ ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ ለሴቶቹ ሻሽ። የተሟላለትን «ተሳፈር» ይለዋል። ያልተሟላለትን «ውረድ»። ልጆቹ ስሙን ትተው «ኮንትሮል» አሉት፤ እሱም ደስ አለው መሰለኝ፣ አንድም ቀን አልተቆጣም።

የደንብ ልብስ ለምን እንደሚወድ አንድ ቅዳሜ ነግሮኛል። ከተጣላንና ከታረቅን በኋላ በየቅዳሜው ገበያ መጥቶ ሸራዬ ጫፍ ላይ ቆሞ መከራከር ልማዱ ነበር።

«አዴ ሙሚና፣ እኔ አባቴን አላውቀውም» አለኝ። «ሚኤሶ ጣቢያ ሻንጣ እየተሸከምኩ ነው ያደግኩት። ሰው ባየኝ ቁጥር የማን ልጅ ነህ ይለኛል። የባቡሩን ቆብ ያደረግኩ ቀን ያ ጥያቄ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የማን ልጅ ነህ ያለኝ የለም። ልብስ አይምሰልዎት፤ አባት ነው።»

«ቆቡንስ የሰጠህ ማን ነው?» አልኩት።

«ባቡሩ ነዋ።»

«ከደመወዝህ ቆርጦ?»

«በነፃ።»

«እንግዲያው ትምህርት ቤቱም በነፃ ይስጣ።»

ጥሩ ክርክር ሲገጥመው እርሳሱን ከጆሮው ያወርድና ያየዋል። ጉልበቱን አሞት ወደ ሚኤሶ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ተከራከርን። አላሸነፈኝም፣ አላሸነፍኩትም። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ የሸራዬን ያን ጫፍ ዕቃ አላስቀምጥበትም።

ጠባችን የተጀመረው በሹራብ ነው።

አንድ ዓመት አዲስ ዳይሬክተር ተመደበ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ልጅ እግር፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነበር፤ ክፉ አልለውም። ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ላስይዝ ብሎ በደንብ ልብሱ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ጨመረ። ሹራብ የሌለው ተማሪ ከበር እንዲመለስ አዘዘ። መምህራኑም ያለ ነጭ ጋውን እንዳይገቡ ብሎ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፈ። ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ጋሽ ደምሴ ከአጠገቡ ቆመ።

ኢፍቱ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ልጄ ጀማል ነው፤ መሰላ የሚባል ገጠር ውስጥ ያርሳል። እዚያ አካባቢ ለእርሻም ለቤትም የሴት ልጅ እጅ ይፈለጋል፤ በዚያ ዕድሜ «ሰው ጠየቃት» የሚባልም ነገር ይመጣል። ከጀማል ጋር ብዙ ታግዬ ነው እኔ ዘንድ ሆና እንድትማር ያመጣኋት። ሁለት ጊዜ በሹራብ ምክንያት ከበር መመለሷን ሲሰማ ስልክ ደወለ።

«አዮ፣ እኔ ልጄን የሰጠሁሽ ልትማር ነው» አለኝ። «በየመንገዱ ልትመላለስ አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አልኩ። ወላሂ ሦስተኛ ከመለሷት መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ጀማል ወላሂ ካለ አለ ነው። ከኔ የወረሰው ነገር ይህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሳልደብቅ ልጻፍ። ሹራቡን ማልበስ እችል ነበር። የምሸጠው ልብስ ነው፤ ክምሬ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ነበረኝ፣ ያውም አንድ ብቻ አይደለም። ግን እልክ ያዘኝ። ልብስ ክምር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ለራሴ ልጅ አንዱን መዝዤ ባለብሳት፣ በሩ ለኔ ይከፈታል፤ ያ በር ለማይከፈትለት ልጅ ማን ይናገራል? ጎረቤቴ ያሉት ሦስት ልጆች በአንድ ሹራብ በየተራ ነበር የሚማሩት። ስለዚህ ኢፍቱ ያለ ሹራብ እንደማንም ሰው ትገባለች፣ ያ ካልሆነ ያ ሽማግሌ ዘበኛ ከሥራው ይወርዳል አልኩ። ኢፍቱ «አኮ፣ አያቴ፣ አንዱን ብቻ ስጪኝ፣ ልግባ» ብላ ስትለምነኝ «ዝም በይ» አልኳት። ሦስተኛ እንዳትመለስ ደግሞ ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። ሳምንቱን ሙሉ ከኔ ጋር ገበያ ተቀምጣ ልብስ አጠፈች።

መጀመሪያ ሄጄ በሩ ላይ ገጠምኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ለምን መለስክ?»

«ትኬት የላትም።»

«ይህ ባቡር አይደለም፣ አቦ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።»

«ባቡሩም የመንግሥት ነበር፣ አዴ። ትኬት ግን ነበረው።»

«የሀብታም ልጅ ሲመጣ ዓይንህን ጨፍነህ ታሳልፋለህ አሉ።»

ይህን ማንም አላለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ፊቱ ተለወጠ። እርሳሱን አወረደ። «ይምጡና ይዩ» አለኝ። «እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ። አንድ ሰው ባዳላ ይህን ኮት አውልቄ እሰጥዎታለሁ፤ ክምርዎ ላይ ይሽጡት።»

ሄድኩ። ሦስት ጠዋት ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሥራዬን ለኢፍቱ ትቼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል። ሲያዳላ ልይዘውና በሰፈር ሁሉ ላዋርደው ነበር ሐሳቤ።

በመጀመሪያው ቀን በከተማው የታወቀ የጫት ነጋዴ ልጅ በባጃጅ መጣ። ሹራብ አለው፤ ጫማው ግን ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ሸራ ጫማ ነው። «ውረድ» አለው። ልጁ «አባቴን ታውቀዋለህ?» አለ። «አላውቀውም፤ ጫማህን ግን አውቀዋለሁ» ብሎ በዚያው ባጃጅ መለሰው። በሁለተኛው ቀን የራሱ የእህቱ ልጅ መጣች፤ እዚያው ትምህርት ቤት ትማር ነበር። ሹራቧን ረስታ ነው። «አጎቴ» ብላ ሳትጨርስ «ውረጂ» አላት፤ እያለቀሰች ሄደች። እሱም አንገቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ራሱ ጋውን ሳይለብስ መጣ። ጋሽ ደምሴ እጁን ዘረጋ።

«ትኬት።»

ዳይሬክተሩ የቀልድ መሰለው፤ ሳቀ። «ጋሽ ደምሴ፣ ስብሰባ አለብኝ።»

«ወረቀቱ ላይ ጋውን ይላል። የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ዳይሬክተሩ ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወደ ተሰለፉት ልጆች አየ፣ ወደ እኔም አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ልጆቹ በሳቅ ሲፈነዱ ጋሽ ደምሴ አልሳቀም። «ቀጣይ» አለ።

ያን ቀን ከድንጋዩ የተነሳሁት ይበልጥ ተናድጄ ነው። ሰው የሚጠላውን ሰው ጥፋት ፈልጎ ሲያጣ ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። አያዳላም። እንግዲያው ጥፋቱ የሰውዬው ሳይሆን የወረቀቱ ነው። ከወረቀት ጋር ደግሞ ሰው እንዴት ይጣላል?

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ገበያ መጣ። ሊሳለቅብኝ የመጣ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ልብስ የምታጥፈውን ኢፍቱን አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከክምሩ ሰማያዊ ሹራብ አነሳ፣ በዓይኑ ለካው።

«ይህ ለማን ነው?»

«ለሚገዛ» አልኩት።

ሹራቡን በሥርዓት አጥፎ መለሰ። ከኮቱ ኪስ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈና ሰላም ሳይል ሄደ። ለግብር ሰዎች ሊጠቁምብኝ ነው ብዬ ያን ምሽት ሁለት ቦንዳ ደበቅኩ።

በእሑዱ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ ያ የበሩ ወረቀት በትምህርት ቤቱ ደንብ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነበር። ደንብ ከሆነ እንግዲህ ሕግ ነው፤ ማንም ዳይሬክተር ቢመጣ ይቀጥላል። አዳራሹ ሞላ። ያ የጫት ነጋዴ ተነስቶ «የኔ ልጅ ከተመለሰ የሁሉም ልጅ ይመለስ፤ የኔም የሌላውም አንድ ነው» አለ። ግማሹ አጨበጨበ። እኔ ተነሳሁና በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀልኩ ተናገርኩ። ልብስ አያነብም፣ ልብስ አይጽፍም፣ ይህን ደንብ ሙሉ በሙሉ ቀድዳችሁ ጣሉት አልኩ። ሌላው ግማሽ አጨበጨበ።

ዳይሬክተሩ ክርክሩ ሲጠናበት ጋሽ ደምሴን ጠራ። «ደንቡ በበሩ ላይ ያመጣውን ለውጥ ራሳቸው ይንገሩን» አለ። ደጋፊው ነው ብሎ ነው፤ እኔም እንዲያው መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ፊት ለፊት ወጣ። ግራ እግሩን አስቀድሞ ቆመ። ያንን ደብተር ከኪሱ አወጣ።

«ባቡር ላይ ትኬት የሌለው ሰው ስናወርድ የወረደበትን መጻፍ ግዴታችን ነበር» አለ። «ልማድ ሆኖብኝ እዚህም ስጽፍ ቆይቻለሁ። የመለስኩት ልጅ የት እንደወረደ ከሥራ በኋላ እየሄድኩ አያለሁ። ላንብበው።»

መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ።

«አብዲ፣ ሦስተኛ ፉርጎ፣ ጫማ። የወረደበት፣ ጫት ተራ፤ ቅጠል ሲለቅም አገኘሁት። ሃይማኖት፣ ስድስተኛ ፉርጎ፣ ሹራብ። የወረደችበት፣ ቤቷ፤ ወንድሟን አዝላለች። ሙራድ፣ አምስተኛ ፉርጎ፣ ሹራብ። የወረደበት፣ የጭነት መኪና ላይ፤ ወደ ሚኤሶ ሄዷል፣ አልተመለሰም።»

የሙራድ እናት ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

«ኢፍቱ፣ ሰባተኛ ፉርጎ፣ ሹራብ፣ ሁለት ጊዜ። የወረደችበት፣ ሰልባጅ ተራ፣ አያቷ ዘንድ። ምክንያት፣ የአያቷ እልክ። አምስት ሰማያዊ ሹራብ ክምሩ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝና ሳቀ። ከዳር አንዲት ሴት «ውይ አዴ ሙሚና» ስትል ሰማኋት። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ያነበበው ግን እውነት ነው።

እሱ ግን አልሳቀም። ገጹን ገለጠ።

«ሰዓዳ፣ ስምንተኛ ፉርጎ፣ ሹራብ። የወረደችበት» አለና ቆመ። እንደገና «የወረደችበት» አለ። መነጽሩን አወለቀ። «ገለምሶ ነው። በተመለሰች በሳምንቱ ዳሯት። እቤቷ ስደርስ ሚኒባሱ ሄዷል።»

ደብተሩን ዘጋ።

«እኔ ባቡር ላይ ትኬት የሌለውን ሁሉ አውርጃለሁ። ወንድሜንም አውርጃለሁ። ነገር ግን ሜዳ ላይ ያወረድኩት አንድ ሰው የለም። ደንቡ አይፈቅድማ። ትኬት የሌለውን ሰው እስከሚቀጥለው ጣቢያ ትወስደዋለህ፤ ውሃ ያለበት፣ ጥላ ያለበት፣ ሰው ያለበት ቦታ ስትደርስ ታወርደዋለህ። በረሃ መሐል ካወረድከውና አውሬ ከበላው፣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። አንተ ነህ። እዚህ በር ላይ ስቆም ጣቢያ ላይ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ያወረድኳቸው ሜዳ ላይ ነው።»

ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ ደንቡ ይቅር ነው የሚሉት?» አለው።

«ደንብማ ይኑር። ደንብ ከሌለ የነጋዴው ልጅ በየቀኑ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ የድሃው ልጅ ማንም ሳይመልሰው አፍሮ ይቀራል። ያን ጊዜ የምጽፈው ስም እንኳ አይኖረኝም። የጎደለው ልጅ ግን ይግባ። ስሙን እጽፋለሁ፤ ወላጁ ዘንድ የምሄደው እኔ ነኝ። እስኪሟላለት ከፉርጎው አይወርድም። ይህን ከጻፋችሁ በሩ ላይ እቆማለሁ። ያንኛውን ከጻፋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

እጅ አውጡ ተባለ። የሱ ሐሳብ አለፈ። እኔ እጄን አላወጣሁም። ደንቡ ጭራሽ ይቅር ነበር ያልኩት፤ ዛሬም የምለው እሱን ነው። ልብስ ለልጅ የሚያለብሰው እናቱ ናት እንጂ ወረቀት አይደለም። ሬዲዮ ላይ የሚከራከሩት ሰዎች ሕግ ማውጣታቸው ካልቀረ ግን፣ አንድ ጊዜ እንኳ የተመለሰው ልጅ የት እንደወረደ ሄደው ይዩ። ከዚያ ይጻፉ።

ከስብሰባው ወጥቼ ቀጥታ ወደ ዕቃዬ ሄድኩ። ከአምስቱ ሹራቦች አንዱን መረጥኩ። አራቱን ለጎረቤቶቼ ልጆች አደረስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። ለኢፍቱ ሹራቡን ሰጠኋት። ለበሰችውና እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፈችው።

ሰኞ ጠዋት ራሴ ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ጀማል ቆሟል። ከመሰላ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቶ ነው፤ አቧራው ገና ከጫማው አልረገፈም። አንድ የገበያ ሰው ኢፍቱ ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስታጥፍ እንደዋለች ነግሮታል።

«አዮ፣ ነግሬሻለሁ» አለኝ። «ዕቃዋን አምጪ። ለሁለት ሰው ቦታ ይዤ ነው የመጣሁት።»

ኢፍቱ ክንዴን ያዘችኝ። 

ጋሽ ደምሴ ከቦታው ሳይነቃነቅ «ማን ነህ?» አለው።

«አባቷ ነኝ።»

«ምን ብለህ ነበር?»

«ሦስተኛ ከመለሳችኋት እወስዳታለሁ ብዬ ወላሂ ብያለሁ። እኔ ቃሌን አላጥፍም፣ አባባ።»

«አትጠፍ» አለው ጋሽ ደምሴ። ደብተሩን አወጣ፤ ገጹን በጣቱ እየተከተለ ቁልቁል ወረደ። «ኢፍቱ፣ ሰባተኛ ፉርጎ። ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛ የለም።»

«ሳምንቱን ሙሉ ገበያ ነበረች እኮ።»

«ባለፈው ሳምንት እዚህ በር አልደረሰችም። ያልመጣን ሰው አልመልስም።»

«እንግዲያው ማን አስቀራት?»

ጋሽ ደምሴ ያውቃል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አንብቦታል። አሁን ግን ደብተሩን ዘጋና ወደ መንገዱ ተመለከተ። «እሱ በኔ ደብተር የለም» አለ።

መልሱን ለኔ ትቶልኝ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሹራብ ነበረኝ። እልክ ይዞኝ ነው።»

ጀማል ወደኔ ዞረ። «አዮ፣ እኔን በልምጭ እየገረፍሽ ነው ትምህርት ቤት ያደረስሽኝ» አለኝ። «የኔን ልጅ አንቺ አስቀረሽ?»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተናግሮኛል። እንደዚያ ያመመኝ የለም። ክንዴን ከኢፍቱ እጅ አላቅቄ ጀርባዋን ወደ በሩ ገፋ አደረግኳት።

ጋሽ ደምሴ እጁን ዘረጋ። ከጫማዋ ጀምሮ ወደ ላይ አያት፤ ጫማ፣ ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ሻሽ። ጀማል አጠገቡ ቆሞ አብሮ ያያል።

«ሰባተኛ ፉርጎ፣ ተሳፈሪ» አላት።

ሮጣ ገባች። ሦስታችንም ከበሩ ውጭ ቀረን።

«ሹራቡ ሰፍቷታል» አለ ጀማል።

«ለስምንተኛም እንዲሆናት ነው» አልኩት።

እሺም አላለኝ፣ እንቢም አላለኝ። ጋሽ ደምሴን እጅ ነሳው፣ ጉንጬን ሳመኝና ወደ መናኸሪያው ሄደ። ተከትዬው ነበር፤ ከሩቅ አየሁት። ለኢፍቱ ይዞት በነበረው ቦታ ላይ አንዲት ቅርጫት የያዘች መንገደኛ አስቀመጠ፤ ሚኒባሱ ወደ መሰላ ተነሳ።